በተሰነጠቀ ጋን ውስጥ የበቀለ እንጆሪ

ባለፉት ወራት በዚህ ዓምድ ስለ ጎመንና ስለ ነጭ ሽንኩርት አተካከል ስንነጋገር መቈየታችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ወጥ ስለማይሠራበት፥ በጎተራም ስለማይከተት፥ ይሁን እንጂ የቤቴን ልጆች ከጓሮው ፍሬ ሁሉ ይልቅ ስላስደሰተ አንድ ትንሽ ተክል ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ይኸውም በከተማ እስትሮበሪ እየተባለ የሚጠራው የአትክልት እንጆሪ ነው። በላስታ ደጋ በብዙ ቤት ደጃፍ ሊበቅል ሲችል የሚተክለው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ የማውቀውን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

ነገሩ የተጀመረው በትምህርት ቤት ነው። በ2009 ዓ.ም. አንድ ቀን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ሳስተምር በመጽሐፉ ላይ የተሣለውን ቀይ ፍሬ እያመለከትሁ ስሙን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ ተማሪዎቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተከትለውኝ አነበቡ። ከፊተኛው ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጅዋን አውጥታ «መምህር፥ ጣዕሙ ምን ምን ይላል?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ቃሉን ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ሳስተምር ኖሬ፥ ፍሬውን በዓይኔ አይቼው በአፌም ቀምሼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «አላውቅም» ብዬ መለስሁላት። ልጆቹ ሣቁ፤ እኔም ዐብሬ ሣቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። መምህር የማያውቀውን አላውቅም ማለቱ ነውር አይደለም፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ መኖሩ ግን ያሳፍራል።

እውነቱን ለመናገር የእንጆሪን ጣዕም ፈጽሞ የማላውቅ ሰው አልነበርሁም። በልጅነቴ ለምድ ለብሼ፥ አኩፋዳ አንግቼ፥ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ከደብር ወደ ደብር ስዞር በወንዝ ዳርና በአጥር ሥር የሚበቅለው የአገራችን እንጆሪ፥ ሌላ ጣፋጭ ነገር ለማናገኝ ለእኛ እንደ ስኳር ነበረ። ቍራሽ ለመለመን ወጥተን ውሻ አባርሮን ባዶ እጃችንን በምንመለስበት ቀን እሾሁ ክንዳችንን እየቧጨረ ለቅመን እንበላ ነበር። የኔታም የቀላውን ከንፈራችንን አይተው ቀለማችንን ትተን የት እንደ ዋልን ወዲያው ያውቁብን ነበር።

ይህ የአገራችን እንጆሪ ግንዱ እሾሃም፥ ቁመቱም አንዳንድ ጊዜ ከሰው የሚበልጥ፥ ፍሬው ከብዙ ጥቃቅን እንክብሎች የተያያዘ፥ ሲበስል ወደ ጥቁረት የሚያደላ ነው። እስትሮበሪ ግን ከመሬት ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ የምትል፥ እሾህ የሌላት፥ ቅጠልዋም ሦስት ሦስት እየሆነ የሚወጣ ተክል ናት። የአዲስ አበባ ሰዎች ሁለቱንም እንጆሪ ብለው ሲጠሩ የአገሬ ሽማግሌዎች «ያ ደግሞ ምኑ እንጆሪ ነው?» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ እሾሁ እውነት አላቸው። የዕፀዋት ሊቃውንት ግን ሁለቱንም ከጽጌረዳ ወገን ስለሚቈጥሩአቸው ስሙ ከዘመድ አልወጣም። በዚሁ ወገን ውስጥ በየአጥሩ የምናውቀው ቀጋ፥ ደግሞም ኮክና ፖም ይገኛሉ፤ ከሁሉም የሚያስደንቀው ኮሶ የዚህ ቤተ ሰብ መሆኑ ነው። ያ አያቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው ይጠጡት የነበረው መራራ ኮሶና ይህ ጣፋጭ ፍሬ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ብዬ በክፍል ስናገር ተማሪዎቼ እስከ ዛሬ አያምኑኝም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለው። እኛ ፍሬ የምንለው ቀዩ ሥጋ በእውነቱ የአበባው መቀመጫ አብጦ የለሰለሰ ነው፤ እውነተኞቹ ፍሬዎች በቆዳው ላይ እንደ ሰሊጥ ተበትነው የሚታዩት ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው። በአንዱ ላይ ሁለት መቶ ያህል ይገኛሉ።

ዛሬ በዓለም የሚተከለው ትልቁ እስትሮበሪ በጥንት ዘመን ያልነበረ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1712 ዓመት የፈረንሳይ መንግሥት አመዴ ፍራንስዋ ፍሬዚየ የሚባለውን የምሽግ መሐንዲስ በስፓኝ እጅ ወደ ነበረው ወደ ቺሊ አገር ላከው። ሥራው ነጋዴ መስሎ የስፓኞችን ምሽግ መሰለል ነበረ። ሰውዬው ምሽጉን እየተመለከተ ሳለ የአገሩ ሰዎች የሚተክሉትን ትልልቅ ፍሬ ያለው እንጆሪ አየ፤ በ1714 ሲመለስም ችግኙን በመርከብ ጭኖ ተነሣ። ጕዞው ወራት የሚፈጅ፥ የሚጠጣ ውኃም በመርከብ ላይ በልክ የሚሰፈር ነበር። ከተጫኑት ችግኞች በሕይወት ፈረንሳይ የደረሱት አምስት ብቻ ናቸው። ፍሬዚየም ከአምስቱ ሁለቱን ውኃውን ለፈቀደለት ለመርከቡ ጭነት ኃላፊ ሰጠ፤ አንዱ በፓሪስ ወደ ነበረው ወደ ንጉሡ የአታክልት ቦታ ገባ፤ አንዱን ለአለቃው ሰጠ፤ ለራሱ የቀረው አንድ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ግን ተክሎቹ ለምልመው ሳለ ፍሬ አልሰጡም። ምክንያቱም ያመጣቸው ሁሉ እንስት ስለ ነበሩ ነው። በኋላ ከሰሜን አሜሪካ በመጣ፥ ፍሬው ትንሽ በሆነ በሌላ እንጆሪ አጠገብ ሲተከሉ የዚያ ብናኝ ደርሶአቸው አፈሩ፤ ከሁለቱም መዳቀል ዛሬ የምናውቀው ዘር ተገኘ። ይህንንም አንቷን ኒኮላ ዱሼን የሚባል ገና ወጣት የነበረ ፈረንሳዊ በ1766 በጻፈው መጽሐፍ አስረዳ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ስለ ውኃው ነው። በጥም በሚኬድበት ባሕር ላይ ለቅጠል የሚሆን ውኃ የፈቀደው የጭነት ኃላፊ እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁት ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤቴ ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ለገና በዓል ወደ ላሊበላ ሲመጣ ዘጠኝ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ስለ ፈጀ ሦስቱ ደርቀው ስድስቱ ተረፉ። በሩ አጠገብ፥ ፀሐይ በሚመታው፥ ድንጋዩ ተለቅሞ አፈሩ በለሰለሰው መደብ ላይ ልተክላቸው ዶማዬን ሳነሣ እናቴ ከውስጥ ወጡና «ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ይጋገራል?» «አይጋገርም።» «ይቀቀላል?» «እንዲሁ ነው የሚበላው፥ እማዬ።» «እንግዲያስ ልጄ፥ ድንች የሚበቅልበትን አፈር ለከረሜላ አትስጥ» አሉኝ።

የእናቴ ነገር የስስት ነገር አይደለም። እርሳቸው በ1966ቱ ረኃብ ለጋ ወጣት፥ በ1977ቱ ረኃብ ደግሞ የልጆች እናት ነበሩ፤ ያን ጊዜ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ስለዚያ ዘመን እምብዛም አይናገሩም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ እህል ሲሰፍሩ ከቍናው የወደቀውን ፍሬ አንድ በአንድ ሳይለቅሙ አይነሡም። እኔም የተማርሁ ነኝ ብዬ እከራከር ዘንድ ሒሳቡን ብመለከት እውነቱ ከእርሳቸው ጋር ሆነ። መቶ ግራም እስትሮበሪ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል 32 ካሎሪ ያህል ብቻ ነው፤ የዚያኑ ያህል ድንች ከ75 የሚበልጥ፥ ገብስ ደግሞ ከ300 የሚበልጥ ይሰጣል። ይህ ፍሬ የራበውን ሰው አያጠግብም። ይህን ሳልናገር ተክሉን ባሞግስ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል።

ስለዚህ መደቡን ለድንቹ ተውሁና ሌላ ስፍራ ፈለግሁ። በጓዳችን ጥግ አንድ የተሰነጠቀ የጠላ ጋንና ከወገባቸው በላይ የተሰበሩ ሁለት እንስራዎች ነበሩ። ውኃ እንዲያንጠፈጥፍ በሥራቸው ቀዳዳ አበጀሁ፤ ጠጠር ጐዘጐዝሁ፤ አፈር ሞላሁና በድንጋዩ ካብ ሥር አቆምኋቸው። ለዚህ የተሰጠው መሬት ሌላ ምንም የማይበቅልበት ስለ ነበረ እናቴም ዝም አሉ። አሁን ሳስበው ይህ ለተክሉ ከመደቡ ይልቅ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቶአል፤ ካቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታልና።

አሁን አተካከሉን ልንገራችሁ። አፈሩ ለስላሳ፥ ውኃ የማይቋጥር፥ ፍጹም የተብላላ ፍግ ከእኩሌታው ያነሰ የተቀላቀለበት ይሁን። ትኵስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ ከዚህም በቀር ፍሬው ሳይበስል በጥሬው የሚበላ ስለ ሆነ ለጤና አደገኛ ነው። በመሬት ላይ የምትተክሉ እንደ ሆነ በችግኝና በችግኝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ከሁሉ የሚበልጠው ምሥጢር ግን የጥልቀቱ ነገር ነው። ቅጠሎቹ ሁሉ የሚወጡበት የተክሏ እምብርት ከአፈሩ ፊት ጋር ትክክል መሆን አለበት። እምብርቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ሥሩ ከታየም ይደርቃል። ከስድስቱ ችግኞች አንዱን በዚህ ምክንያት አጥቻለሁ፤ ጠለቅ ቢል ይጠነክራል ብዬ እንደ ጎመን ችግኝ እስከ አንገቱ ቀበርሁት።

ሥሩ አብዛኛው ከስንዝር የማይበልጥ ጥልቀት ስላለው ውኃ በብዛትና በሩቅ ቀን ሳይሆን በጥቂቱና ቶሎ ቶሎ ይሻል። በበጋ በየሁለት ቀኑ፥ ለአንድ ተክል ከአንድ የሻይ ብርጭቆ እስከ ሁለት ብርጭቆ፥ ጠዋት በሥሩ ላይ ይፈስስለታል። ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ ለሚያመጣ ቤተ ሰብ ይህ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ። በቤታችን ልማድ የእጅ መታጠቢያው የመጀመሪያው ውኃ፥ ሳሙና ሳይነካው፥ በሳፋ ተጠራቅሞ ለእንጆሪው ይሄዳል። ነገር ግን ቅጠሉንና ፍሬውን እንዳይነካ በቀስታ በሥሩ ብቻ ይፍሰስ፤ ፍሬውም ከመበላቱ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ከዚያም በተክሉ ዙሪያ የገብስ ወይም የጤፍ ገለባ መጐዝጐዝ ይገባል። ገለባው እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ፍሬውም በአፈር ላይ ተኝቶ እንዳይበሰብስ ምንጣፍ ይሆነዋል።

ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ሲጠራ፥ በወርኃ ጽጌ፥ አምስት ቅጠል ያለው ነጭ አበባ ያወጣል። በአውሮፓ አገር ቀኑ እጅግ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ብዙው ዓይነት በዓመት አንድ ወራት ብቻ ያፈራል። በእኛ አገር ግን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም ስለማይርቅ፥ የደጋውም ሌሊት ቀዝቃዛ ስለ ሆነ፥ ውኃ ካገኘ ከጥቅምት እስከ ግንቦት እየቈየ ሲያብብና ሲያፈራ ይኖራል። ከአበባው እስከ ፍሬው መብሰል ከአንድ ወር እስከ ዐርባ ቀን ይፈጃል። አበባው ንብ ሳይጐበኘው ከቀረ ፍሬው ጐባጣና ቅርጸ ቢስ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ብናኝ ካልደረሰው በዚያ በኩል ያለው ሥጋ አያብጥምና። ንብ ስለ ንጉሡ መሰከረች እየተባለ በሚተረክበት በላስታ፥ ቀፎ በየካቡ በሚታይበት አገር፥ በዚህ በኩል ሥጋት የለብንም።

ሥጋቱ በሌላ በኩል ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር የሚወርደው ውርጭ አበባውን ይገድለዋል፤ ጠዋት ስትመለከቱት መካከሉ ጠቍሮ ካገኛችሁት ያ አበባ ፍሬ አይሆንም። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሰሌን ወይም ገለባ አልብሱትና ፀሐይ ስትወጣ ግለጡት። በክረምት ደግሞ ፍሬው ሳይበስል ግራጫ ሻጋታ ይወርሰዋል፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የሚወጣውን አበባ ቈርጦ መጣል፥ የታመመውንም ቅጠል ከግቢ ማራቅ ይሻላል። ስለ ወፍና ስለ ቀንድ አውጣ ብዙ አልናገርም፤ የእኔ ጠላት ዶሮ ናት። የመጀመሪያዎቹ አራት ፍሬዎች መቅላት ሲጀምሩ ልጆቼ በየቀኑ ይቈጥሩአቸው ነበር፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱን ዶሮ በልታለች፤ ታናሽቱ ልጄም በጋኑ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

በማግሥቱ የቀሩትን ሁለቱን ቈረጥን። ይህ ፍሬ ከተቈረጠ በኋላ የማይበስል ስለ ሆነ እስከ አንገቱ ሳይቀላ አይቈረጥም፤ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ከነአረንጓዴ ቆቡ ይለቀማል። አንዱን በምላጭ ለአራት ከፍለን ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ቀመስነው፤ እናቴ «ለልጆቹ ተዉት» ብለው እምቢ አሉ። ሁለተኛውን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድሁና ያችን የጠየቀችኝን ልጅ ከክፍልዋ አስጠራኋት። ክፍልዋን ከእኔ ከተሻገረች ዓመት አልፎአት ነበርና ነገሩን ረስታው ቈየች። በጥርስዋ ጫፍ ነክሳ ጥቂት ዝም አለችና «እንጆሪ እንጆሪ ይላል፥ መምህር፤ ግን እሾህ የለውም» አለችኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ቃሉን ሳስተምር የምናገረው ይህንኑ የእርስዋን ነው።

ተክሉ አንድ ጊዜ ከያዘ ሁለተኛ ችግኝ መግዛት አያስፈልግም። በክረምት ከእምብርቱ ቀይ ክር የመሰለ ሐረግ እየወጣ በመሬት ላይ ይሳባል፤ በጫፉም ትንሽ ቅጠል ያወጣና ሥር ይሰድዳል። ይህች ልጅ ናት። ሐረጉን ሳትቈርጡ አፈር የሞላ የወተት ቆርቆሮ ከሥርዋ አኑሩላት፤ በወር ያህል ጊዜ ሥር ስትይዝ ከእናቲቱ ለይታችሁ ውሰዱአት። እናቲቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ፍሬዋ እያነሰ ስለሚሄድ በልጆችዋ መተካት አለባት። ሐረጉ ሲበዛ ግን ፍሬው ስለሚቀንስ የማትፈልጉትን ቍረጡ። እኔ መቍረጡ አሳዝኖኝ በ2012 ዓ.ም. ከበዙት ችግኞች ለጎረቤት ማደል ጀመርሁ። ከእነዚያም መካከል ከእኛ በታች፥ ከምንጩ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ሦስት ወሰዱ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ደረሰ። ስለዚያ ወራት ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ስለ ግቢዬ ብቻ እናገራለሁ። መብራቱ ለወራት ጠፋ፤ የቧንቧው ውኃ ቆመ፤ ትምህርት ቤትም ተዘጋ፤ ገበያው ባዶ ሆነ። ከሩቅ ተቀድቶ የሚመጣውን ውኃ ለቅጠል ማፍሰስ የማይታሰብ ነበረ፤ እኔም አላሰብሁትም። የፍሬዚየ መርከብ ትዝ አለኝ፤ ነገር ግን በእኔ መርከብ ላይ ልጆች ነበሩበት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጋኑና በእንስራው የነበሩት ተክሎች አንድ በአንድ ደረቁ። በዚያ ወራት ቤታችንን ያቆየው በር ላይ ያለው የእናቴ መደብ ድንች ነው። እናቴም ቀድሞ የተናገሩትን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም።

በጥር 2014 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ያች የምንጩ አጠገብ ጎረቤታችን በአሮጌ ትሪ ላይ ጭቃ የለበሱ አራት ችግኞች ይዘው መጡ። ምንጩ ስላልነጠፈ የእርሳቸው ተክል አልደረቀም ነበር። «መምህር፥ አደራዎን ይረከቡ» አሉኝ። አደራ ሳይሆን ስጦታ መሆኑን ብነግራቸው «ስጦታማ ሦስት ነበረ፤ እነዚህ የልጅ ልጆቹ ናቸው፤ ይውሰዱ» ብለው ትሪያቸውን አራግፈው ሄዱ። እኔ ቆሜ ቃል ሳጣ እናቴ ችግኞቹን አንሥተው ወደ ጋኑ ወሰዱአቸው። እምብርታቸውን ከአፈሩ ጋር ትክክል አድርገው ሲተክሉ አየሁ፤ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሲመለከቱኝ ኖረዋል።

ስለ አበላሉ የምናገረው ጥቂት ነው፤ በላስታ ደጃፍ የሚበቅለው መጠን ብዙ ጥበብ አይጠይቅምና። በእኛ ቤት በጥሩ ሳምንት አንድ የሻይ ሳሕን ይሞላል። ከተለቀመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ስለሚበላሽ በዕለቱ መብላት ነው። የአትክልት ዘር ስለ ሆነ በጾም ቀን ይበላል፤ ውኃ ካልጐደለበትም የሚበረታው በዐቢይ ጾም ወራት ስለ ሆነ ከእንጀራውና ከሽሮው በኋላ በየአንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት ፍሬ ማኖር ይቻላል። ይህም ለምላስ ብቻ አይደለም። በመቶ ግራሙ ውስጥ ወደ 60 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ቪታሚን ሲ ይገኛል፤ ይህም ከብርቱካን አያንስም። ቪታሚን ሲ በጤፍ፥ በምስርና በሽምብራ ውስጥ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት በሚገባ እንዲቀበለው ይረዳል፤ ስለዚህ ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ከምግቡ በኋላ መብላቱ ይመረጣል። እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት የመጀመሪያው ድርሻ የእርስዋ ይሁን።

ጥቂት የተረፈ እንደ ሆነ ማርመላታ ይሠራል። ፍሬውን አጥቦ ቆቡን መቀንጠስ፥ በክብደቱ ልክ ስኳር ጨምሮ ጥቂት ሰዓት ማሳደር፥ ከዚያም የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሮ እያማሰሉ ማፍላት ነው። ከውጭ አገር የመጡ የምግብ መጻሕፍት በቴርሞሜትር ለኩ ይላሉ፤ እኔም በትምህርት ቤት መለኪያ ሞክሬ አሳረርሁት። የላሊበላ ከፍታ 2500 ሜትር ያህል በመሆኑ ውኃ በእኛ ዘንድ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የመጽሐፉ ቍጥር ለእኛ አይሆንም። በቀዝቃዛ ሳሕን ላይ አንድ ጠብታ አንጠብጥባችሁ በጣት ስትገፉት ፊቱ ከተጨማደደ ደርሶአል፤ አውርዱት።

ዘንድሮ ዶሮዎቹ ወደ ጋኑ አይቀርቡም። እናቴ የቀጋ ቅርንጫፍ ቈርጠው በዙሪያው አጥረውበታል። በቆርቆሮ ሥር ይዘው የሚጠብቁ 23 ችግኞች አሉ፤ ከትምህርት ቤት የሚወስዱ ልጆች ተመዝግበዋል። ትናንት ማታ ስቈጥራቸው ግን 19 ብቻ ሆኑብኝ። እናቴን ብጠይቃቸው አራቱን ለጎረቤታችን ልጅ እንዳስቀመጡላት ነገሩኝ፤ ከአሸተን ማርያም በላይ ወዳለው ደጋ ልትዳር ነው። ውርጩ በዚያ ከእኛ ይበረታልና ሌሊት ሌሊት ገለባውን አብዝታ ታልብሳቸው የሚል መልእክትም ጨምረውላታል።